ጃፓን ወይስ ኮሪያ? አነስተኛ የቤተሰብ ሴዳን ለመምረጥ ደረጃ በደረጃ

«የጃፓን ይሻላል ወይስ የኮሪያ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣ ሰው የለም። አንዱ «ቶዮታ ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይላል። ሌላው ደግሞ በዚያው ገንዘብ ዓመቱ የቀረበና ዕቃው የተሟላ ሃዩንዳይ እንደሚገኝ ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን መኪናውን ሳያዩ ነው የሚመክሩት። በአንድ ስም ሥር እንኳን ሃያ ዓመት የሚያገለግል ሞተርና ገና በወጉ ሳይሠራ ዘይት መጠጣት የሚጀምር ሞተር አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ እዚህ የምከተለው መንገድ የአገሩን ስም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ፣ በሞተር፣ በካምቢዮና በምርት ዓመት እያጣሩ መውረድ ነው። ሲጣራ ሁለት ሦስት መኪና ይቀራል፤ ከዚያ መካከል መምረጥ አይከብድም።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ የመኪና ሞዴል የሚጠራው በዚያ ስለሆነ።

ደረጃ 1፦ ለስንት ዓመት እንደሚይዙት ይወስኑ

አዲስ ገዝተው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ የሚሸጡት ከሆነ፣ ከጥገና ወጪ ይልቅ የሚጎዳዎት የመኪናው ዋጋ መውረድ ነው። እዚህ ላይ ጃፓኖቹ፣ በተለይ ኮሮላና ሲቪክ፣ ዋጋቸውን ይዘው ይቆያሉ። ኮሮላ ከ1966 ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲመረት የኖረ መኪና ነው፤ በ2021 ከ50 ሚሊዮን በላይ መሸጡን ቶዮታ አስታውቋል። ይህን ያህል የተሸጠ መኪና ገዢም መለዋወጫም አያጣም።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የኮሪያው መኪና የመጀመሪያ ባለቤት የከሰረው ገንዘብ ለእርስዎ ቅናሽ ሆኖ ይመጣል፤ ለኮሮላ በሚከፍሉት ዋጋ ብዙ ጊዜ ዓመቱ የቀረበና ኪሎ ሜትሩ ያነሰ ኤላንትራ ወይም ሴራቶ ያገኛሉ። ይህ ቅናሽ ግን ትርፍ የሚሆነው የሞተሩን ታሪክ ካወቁ ብቻ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

አዲስ ገዝተው ለረጅም ጊዜ ለሚይዙት ደግሞ የዋስትና ወረቀቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሃዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ ለሞተርና ለካምቢዮ የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል (160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) ዋስትና ይሰጣሉ፤ ኪያ በአውሮፓ 7 ዓመት ወይም 150,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ልብ ይበሉ፣ የአሜሪካው ረጅም ዋስትና በሙሉ መጠኑ የሚሠራው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ መኪናው ሲሸጥ ወደ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይወርዳል። ሻጩ «ገና ዋስትና አለው» ካለዎት፣ ዋስትናው ወደ እርስዎ መተላለፉንና መኪናውን በሚነዱበት አገር መሥራቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከሌላ አገር በመጣ መኪና ላይ ዋስትናው ብዙውን ጊዜ አብሮ አይመጣም።

ደረጃ 2፦ ስሞቹን አስተካክለው ዝርዝር ያውጡ

አንድ መኪና በየገበያው ስሙ ስለሚለያይ ሰው ተመሳሳዩን መኪና ሁለት ጊዜ ያወዳድራል። ኤላንትራ በኮሪያ አቫንቴ ይባላል። የኪያው ሴራቶ በአሜሪካ ፎርቴ፣ በኮሪያ ኬ 3 ነው፤ ከ2024 ወዲህ ቦታውን የያዘው ኬ 4 ነው። ኤላንትራና ሴራቶ ደግሞ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፦ ሃዩንዳይ ኪያን የያዘው በ1998 ሲሆን፣ ሞተራቸውና ካምቢዮአቸው በአብዛኛው አንድ ነው። ስለ ኤላንትራ የምለው ብዙው ነገር ስለ ሴራቶም ይሠራል።

ከጃፓን በኩል ኮሮላ፣ ሲቪክ፣ ማዝዳ 3 እና ኒሳን ሴንትራ አሉ። ሚትሱቢሺ ላንሰርም በየመንገዱ ይታያል፤ ምርቱ በአብዛኛው ገበያ በ2017 አካባቢ ስለቆመ አሁን እንደ አዲስ ምርጫ አልቆጥረውም።

ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራው ኮሮላ አክሲዮ በሌላው ዓለም ከሚሸጠው ኮሮላ ይለያል። ወርዱ 1,695 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ መሪውም በቀኝ በኩል ነው። ሦስት ሰው ከኋላ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህን ጥበት በየቀኑ ያየዋል። «ኮሮላ ነው» ስለተባለ ብቻ ሁሉም አንድ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን ይለዩ

ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት የትኛው ሞተር እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሻጩን መልስ በሻንሲ ቁጥሩ ያመሳክሩ። ቁጥሩ የት እንዳለና እንዴት እንደሚነበብ ደረጃ 6 ላይ አለ።

ኮሮላ። ከ2007 አካባቢ ወዲህ የመጣው 1.6 እና 1.8 ሊትር ሞተር (ዜድ አር የሚባለው ቤተሰብ) በዚህ መደብ ካሉት ሁሉ የማምነው ነው። ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው ያለው፤ በአብዛኛዎቹ ሞዴሎች ነዳጁ የሚረጨው ከቫልቩ በስተጀርባ ስለሆነ ቫልቩ ላይ ጥላሸት አይከማችም። የታወቀ ድክመቱ የውሃ ፖምፑ ነው። ከሞተሩ ውጭ ባለው፣ ዲናሞውን በሚያዞረው ቺንጋ በኩል በባትሪ አጎንብሰው ይመልከቱ፦ ፖምፑ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ ውሃው እያላበ ነው። የቶዮታ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሮዝ ስለሆነ ምልክቱ ፈጽሞ አይጠፋም። ይህ መኪናውን ለመተው የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ ዋጋ የሚያስቀንስ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው 1.8 (ዋን ዜድ ዜድ) ግን ሌላ ታሪክ አለው። እስከ 2005 አካባቢ በተሠሩት ላይ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ይደፈናሉ፤ ዘይቱ ይቃጠላል። «ቶዮታ ዘይት አይጠጣም» ብሎ የሚከራከር ሰው ይህን ሞተር አልያዘውም ማለት ነው።

ሲቪክ። ከ2006 እስከ 2009 አካባቢ የተሠሩት 1.8 ሞተሮች ላይ የሞተሩ ብሎክ ራሱ ተሰንጥቆ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ ሆንዳ በአሜሪካ ለዚህ ጉድለት ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት አራዝሟል። በ2016 የመጣው ባለ ተርቦ 1.5 በተለይ በብርድ አገርና በአጭር አጭር ጉዞ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይቱ ይቀላቀልበታል። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽቱ፤ መጠኑ ከላይኛው ምልክት ካለፈና ቤንዚን ቤንዚን ካለ ይህ ነው። ተርቦ የሌለው 2.0 ለቤተሰብ ሰው የበለጠ ሰላም ይሰጣል።

ኤላንትራና ሴራቶ። እዚህ ዓመቱን በጥንቃቄ ይለዩ። እስከ 2010 ድረስ ባሉት ላይ 2.0 ሊትሩ (ቤታ) የሚሠራው በቺንጋ ነው፤ በ60,000 ማይል፣ ማለትም በ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ ቴስታታ ማውረድ ይመጣል። መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ከዋጋው ላይ ይቀንሱ፤ እንደገዙም ከምንም ነገር በፊት ያስቀይሩት። በሰንሰለት የሚሠራው 1.6 (ጋማ) ይህ ጣጣ የለበትም።

ከ2011 እስከ 2016 ያለው ኤላንትራ ቅርጹ ያማረና ዋጋው የሚጎትት ነው፤ በብዛት የሚሸጠውም እሱ ነው። በ1.8 (ኑ) ሞተሩ ላይ የሚፈሩት ጠዋት ሲነሣ ከታች የሚሰማውን የፒስተን ማንኳኳት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፦ ሻጩን ከመምጣትዎ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሣ ይለምኑት፤ ሲደርሱም እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያድርጉ። ከሞቀ ለሌላ ቀን ይቀጥሩት። ቀዝቃዛ ከሆነ ኮፈኑን ከፍተው ሌላ ሰው ያስነሣ፤ እርስዎ ያዳምጡ። ቀጭን የሆነና ቶሎ ቶሎ የሚል የቤንዚን መርጫ ድምፅ ልክ ነው። ወፈር ያለ፣ ከታች የሚመጣ፣ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ የሚቀንስ «ቶክ ቶክ» ከሰሙ ግን መኪናው ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት። ሞቅ ሲል ስለሚጠፋ ነው አስነሥተው የሚጠብቁዎት።

ከ2017 ወዲህ ያለው 2.0 የተሻለ ነው፤ ነዳጁም እንደ ኮሮላው ከቫልቩ በስተጀርባ ይረጫል። ሆኖም በ2021 ሃዩንዳይ የ2019ና የ2020 ኤላንትራ 2.0 መኪኖችን በፒስተን ቀለበት ጉድለት ምክንያት ለጥገና ወደ ወኪሎቹ መልሶ ጠርቷል። ከእነዚህ አንዱን የሚገዙ ከሆነ ጥሪው መፈጸሙን ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የሃዩንዳይ 2.4 ሞተር (ቴታ 2) በመንገድ ላይ ተይዞ የመቆም ቅሌት በአብዛኛው የሚመለከተው እንደ ሶናታና ኦፕቲማ ያሉትን ከፍ ያሉ መኪኖች ነው፤ ያን ታሪክ ሰምቶ ከ1.6 ኤላንትራ መሸሽ ስህተት ነው።

ማዝዳ 3። ስካይአክቲቭ የተባለው 2.0 ሞተር እምቅ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ (13 ለ 1 እና ከዚያ በላይ) ጥሩ ቤንዚን ይወዳል፤ ከዚያ በተረፈ ጠንካራ ሞተር ነው።

ደረጃ 4፦ ካምቢዮው ላይ ጊዜዎን ያጥፉ

በእኔ እምነት በዚህ መደብ ውስጥ ምርጫውን መወሰን ያለበት ካምቢዮው ነው። ሞተር ከመሞቱ በፊት ብዙ ምልክት ይሰጣል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሲሄድ በአንድ ጊዜ ይሄድና የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ክፍል ይዞ ይሄዳል። አራት ዓይነት ያጋጥምዎታል።

የመጀመሪያው የተለመደው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ማዝዳ 3 እስከ ዛሬ የሙጥኝ ብሎ የያዘው ይህን ነው። ኤላንትራም ከ2011 እስከ 2019 በአብዛኛው ይህንኑ፣ ያውም ቡድኑ ራሱ የሠራውን፣ ይጠቀም ነበር። ለጥገና የሚመች፣ ማንኛውም ጥሩ ሜካኒክ የሚያውቀው ዓይነት ነው። በ2017 ወይም በ2018 የተሠራ 2.0 ኤላንትራ ከዚህ ካምቢዮ ጋር፣ የሰርቪስ ታሪኩ ካለ፣ ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ከብዙ ጃፓን የተሻለ ግዢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ማርሽ የሌለው፣ በሁለት ፑሊና በብረት ቀበቶ ወይም በሰንሰለት የሚሠራው ሲቪቲ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለስላሳ ነው፤ ጥራቱ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ እጅግ ይለያያል። የቶዮታው በደንብ የቆመ ነው። ከ2.0 ሞተሩ ጋር የመጣው አዲሱ ደግሞ ለመነሻ እውነተኛ አንደኛ ማርሽ ተጨምሮለታል፤ ቀበቶው በጣም የሚጎዳው ከቆመበት ሲነሣ ስለሆነ ይህ ብልህ ሥራ ነው። የኒሳን ሴንትራ የ2013–2017 ካምቢዮ ግን በአሜሪካ ክስ አስነሥቶ ዋስትናው እንዲራዘም ሆኗል። «ጃፓን ነው» ተብሎ በጭፍን ከሚገዙት ውስጥ ይህኛው ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው። ሃዩንዳይና ኪያ ከ2019–2020 ሞዴሎች ጀምሮ ያስገቡት አይ ቪ ቲ የሚባለው በሰንሰለት የሚሠራ ሲቪቲ ነው።

ሦስተኛው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው፤ 1.4 እና 1.6 ተርቦ ባላቸው ኤላንትራና ፎርቴ ላይ ይገኛል። ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ በሜትር በሜትር በሚንፏቀቅ መንገድ ላይ ይሞቃል። ቀንዎ በተጨናነቀ መንገድ የሚያልፍ ከሆነ ይህን አልመክርም። ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ለሚውል ሰው ግን ደስ የሚል ነው።

አራተኛው የሃይብሪዱ፣ ማለትም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ነው። ኮሮላ ሃይብሪድ ቀበቶም ፍሪሲዮንም የለውም፤ ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮችና አንድ የጥርስ ስብስብ ብቻ ናቸው። የሚያልቅ ነገር ስለሌለው ይኸው አሠራር በታክሲ ሥራ ዓለምን አዳርሷል። ኤላንትራ ሃይብሪድ በአንጻሩ 1.6 ሞተሩን ከባለ 6 ማርሽ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ጋር ያገናኛል። ሲነዱት የተለመደ መኪና ይመስላል፤ ለረጅም ዕድሜ ግን ልቤ ከቶዮታው ጋር ነው።

ሲሞክሩት እንዲህ ያድርጉ። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይንዱት፤ ካምቢዮው ሳይሞቅ ጉዱን አያወጣም። ከቆመበት በጣም ቀስ ብለው ይነሡ፤ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት መሀል ነዳጁን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይያዙት። መኪናው ከተንቀጠቀጠ የሲቪቲው ቀበቶ ወይም ፈሳሹ አልቋል። ከዚያ ዳገት ላይ ቆመው ወደ ኋላ ያስገቡ፤ ከመያዙ በፊት አንድ ሁለት ሰከንድ የሚዘገይ ከሆነ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

ደረጃ 5፦ ቤተሰቡን ይዘው ይሂዱ

የወረቀት ልኬት ይረዳል፤ አይበቃም። አሁን ባለው ትውልድ የኋላ ወንበር የእግር ቦታ በአሜሪካ ልኬት ኤላንትራ 965፣ ሲቪክ 950፣ ማዝዳ 3 ሴዳን 892፣ ኮሮላ 884 ሚሊ ሜትር ነው። በኤላንትራና በኮሮላ መካከል ያለው 8 ሴንቲ ሜትር ልዩነት የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ረጅም ልጅ ወይም አረጋዊ ወላጅ የሚጭን ሰው ከዚህ ቁጥር መጀመር አለበት። የዕቃ መጫኛው ሲቪክ 419፣ ኤላንትራ 402፣ ኮሮላ 371 ሊትር ገደማ ነው።

የልጅ ወንበርዎን ይዘው ይሂዱና እዚያው ይግጠሙት። ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን ወንበር ከሹፌሩ ጀርባ ሲገባ የፊቱ ወንበር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚገፋ ያያሉ፤ ከዚያ ሹፌሩ ራሱ ገብቶ ይቀመጥ፣ መሪውንና ፍሬኑን ይሞክር። ኮሮላ ላይ ረጅም ሹፌር ያለው ቤተሰብ እዚህ ጋ ሐሳቡን ይቀይራል። የወንበሩን ማሰሪያ ብረቶች በጣትዎ ዳስሰው ያግኙ፤ አንዳንዱ መኪና ላይ ትራሱ ውስጥ ጠልቀው አንዱን ለመግጠም እንኳን ያታግላሉ።

ደረጃ 6፦ የሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ፣ ጥሪዎችን ያጣሩ

ይህን ደረጃ ማንም እንዲዘለው አልፈልግም፤ የቤተሰብ ሕይወት ነውና።

ባለ 17 ፊደሉ የሻንሲ ቁጥር ከፊት መስታወቱ ሥርና በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ አለ። በ«ጄ» ከጀመረ ጃፓን ውስጥ የተገጠመ ነው፤ «ኬ ኤም ኤች» ኮሪያ የተሠራ ሃዩንዳይ፣ «ኬ ኤን ኤ» ኪያ ነው። በ1፣ በ4 ወይም በ5 የሚጀምረው አሜሪካ፣ በ2 ካናዳ፣ በ3 ሜክሲኮ የተገጠመ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፦ ኮሮላው ሚሲሲፒ፣ ኤላንትራው አላባማ፣ ፎርቴው ሜክሲኮ ተሠርቶ ያገኘዋል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ መኪና 10ኛው ፊደል የሞዴል ዓመቱን ይነግራል፤ «ኤ» 2010፣ «ኤፍ» 2015፣ «ኤል» 2020 ነው። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ግን ይህ ረጅም ቁጥር የለውም፤ አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ቁጥሩን ይዘው በፋብሪካው ወይም በመንግሥት የጥሪ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። በተለይ እነዚህን ይፈልጉ፦

የታካታ ኤርባግ። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ ኤርባጉን ለመንፋት የተጠቀመበት አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ ሲሄድ፣ በግጭት ጊዜ የብረት ማቀፊያውን ፈንድቶ ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪ ይወረውራል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ተጠርተዋል፤ ኩባንያው በ2017 ኪሳራ አወጀ። በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ኮሮላና ሲቪክ ውስጥ በብዛት አሉ። ሞቃትና እርጥብ አገር የቆየ መኪና የበለጠ አደገኛ ነው። ካልተቀየረ ሳይቀየር ልጅ አይጫንበት፤ ይህን ያለ አንዳች ማጋነን ነው የምለው።

የኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ክፍል። በ2023 ሃዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ 3.3 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የጠሩት ይህ ክፍል ፈሳሽ እያንጠባጠበ በኤሌክትሪክ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነው፤ ከ2011 እስከ 2015 ያለው ኤላንትራ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ባለቤቶቹ እስኪጠገን ድረስ ከቤት ርቀው ሜዳ ላይ እንዲያቆሙት ተነግሯቸዋል።

የቁልፍ መቆለፊያ። ለአሜሪካ የተሠሩ፣ በሚዞር ቁልፍ የሚነሡ ብዙ ሃዩንዳይና ኪያ መኪኖች እስከ 2021 ድረስ ሞተሩን ያለ ትክክለኛው ቁልፍ እንዳይነሣ የሚያደርገው መሣሪያ አልነበራቸውም። በዚህ ምክንያት የስርቆት ማዕበል ተነሥቶ ፋብሪካዎቹ በ2023 የሶፍትዌር ማሻሻያ አውጥተዋል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በአዝራር የሚነሣውን ይምረጡ።

ሁለቱም ወገን የጋራ ጥፋትም አለባቸው። ከአንድ አቅራቢ የተገዛ የኤርባግ መቆጣጠሪያ ክፍል በ2011–2019 ኮሮላም በ2010–2013 ፎርቴም ላይ ጥሪ አስነሥቷል። ክፍሎቹ የሚመጡት ከእነዚያው አቅራቢዎች ስለሆነ የአገር ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ደረጃ 7፦ ያንኑ አንድ መኪና ይመርምሩ

የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ስበው ከታች የተሰፋውን ጨርቅ ያንብቡ፤ የተሠራበት ጊዜ ተጽፎበታል። ከመኪናው ዓመት በኋላ ከሆነ መኪናው ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው። የመስታወቶቹንም ምልክት እንዲሁ ያመሳክሩ። የመሪው ቆዳና የፍሬኑ ጎማ ካለቁ፣ ሰዓቱ ላይ ያለው ትንሽ ኪሎ ሜትር ተመልሷል።

2011–2016 ኤላንትራ ላይ ሌላ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩን አስነሥተው በቆመበት መሪውን በጣም ትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዙ። «ጠቅ ጠቅ» የሚል ነገር እጅዎ ላይ ከተሰማ የኤሌክትሪክ መሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ የጎማ ማያያዣ ተበልታለች። ዕቃዋ ርካሽ ናት፤ የሚያስከፍለው የመሪውን ዘንግ አውርዶ መግጠሙ ነው። ሻጩ «ሙሉ መሪ ይቀየራል» ቢባል የሚደነግጥ ከሆነ ለመደራደር ጥሩ ቦታ ነው፤ እርስዎ ግን እውነቱን ይንገሩት።

ሃይብሪድ ከሆነ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለውን የባትሪ አየር መሳቢያ ይመልከቱ። በአቧራና በፀጉር ከተደፈነ ባትሪው በሙቀት ኖሯል። ከዚያ የባትሪውን ሁኔታ በመመርመሪያ ማሽን ያስነብቡ፤ ያለዚያ ሃይብሪድ አይግዙ።

ደረጃ 8፦ ነዳጁን በሊትር ያስሉ

በአሜሪካ የመንግሥት ልኬት የ2.0 ኮሮላ፣ ሲቪክና ኤላንትራ አማካይ ፍጆታ ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 6.7 ሊትር ገደማ። ስለዚህ በቤንዚን ብቻ በሚሠሩት መካከል በነዳጅ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በሃይብሪዱ ነው፦ ኮሮላ ሃይብሪድ 4.7 ሊትር አካባቢ ነው፤ ኤላንትራ ሃይብሪድ ከዚህም ዝቅ የሚል ዓይነት አለው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 400 ሊትር ያህል ይቆጥባል። ይህን በሚከፍሉት የነዳጅ ዋጋ አባዝተው ሃይብሪዱ ከሚበልጥበት ዋጋ ጋር ያስተያዩት።

የኮሪያዎቹን የቆየ የነዳጅ ቁጥር ሲያዩ ዓመቱን ያስታውሱ። በኅዳር 2012 ሃዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ የነዳጅ ፍጆታቸውን አሳንሰው ማስታወቃቸው ተደርሶበት ቁጥሩን አስተካክለዋል፤ የዚያን ዘመን ማስታወቂያ አይመኑ።

ደረጃ 9፦ ይወስኑ

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ከ2010 በፊት የተሠራ የሚገዙ ከሆነ ዜድ አር ሞተር ያለውን ኮሮላ ይፈልጉ፤ ካጡ ቺንጋው የተቀየረ ኤላንትራ ይበልጣል እንጂ ዘይት የሚጠጣ ኮሮላ አይበልጥም። ከ2011 እስከ 2016 ባለው ዘመን ኮሮላና ማዝዳ 3 ይቀድማሉ፤ ሴንትራን ይዝለሉት፤ 1.8 ኤላንትራን ሙሉ ታሪክ ከሌለው አይንኩት። በ2017ና በ2018 ኤላንትራ በሙሉ ልቤ የምመክረው መኪና ነው። ከ2021 ወዲህ ላሉት አዳዲሶቹ ልዩነቱ ጠቧል፦ የኋላ ወንበር የሚያስፈልገው ቤተሰብ ኤላንትራ ወይም ሲቪክ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሊይዘው ያሰበና ጥሩ ጋራዥ የራቀው ሰው ኮሮላ ሃይብሪድ ይውሰድ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። የሁለት ወገን ሁለት መኪኖች ፊትዎ ቆመው አንደኛው የሰርቪስ ደረሰኞቹ በቅደም ተከተል ካሉት፣ ሌላው ከሌለው፣ ደረሰኝ ያለውን ይውሰዱ።

ደረጃ 10፦ በገዙ በመጀመሪያው ሳምንት

የሞተር ዘይቱን፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሹን፣ የፍሬን ፈሳሹንና የካምቢዮውን ፈሳሽ ይቀይሩ። የካምቢዮው ላይ አይቀልዱ፦ ለሲቪቲ የተለመደ የአውቶማቲክ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው ይንሸራተትና ይበላሻል። የሃዩንዳይ ባለ 6 ማርሽ «ኤስ ፒ 4»፣ የኒሳን ሲቪቲ «ኤን ኤስ 3»፣ የሆንዳ ሲቪቲ «ኤች ሲ ኤፍ 2» የሚባለውን ይፈልጋል፤ የእርስዎ መኪና የሚፈልገውን ከባለቤት መጽሐፉ አንብበው ራስዎ ይግዙ፣ ሲጨመርም አጠገቡ ይቁሙ። «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚለውን አይስሙ፤ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ያስቀይሩት።

ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች የሞተር ዘይት መለኪያውን በየሳምንቱ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ አውጥተው ይመልከቱ፤ ያዩትንም መጠን ከኪሎ ሜትሩ ጋር ይጻፉ። ከላይኛው ምልክት ወደ ታችኛው የወረደ ከሆነና ወደ መሬት የፈሰሰ ነገር ከሌለ ሞተሩ እያቃጠለው ነው። ይህን ማስታወሻ ይዘው ሻጩ ጋ ወይም ዋስትናውን የሚሰጠው ወኪል ጋ በጊዜ ይሂዱ።